የጋማ ቱቡሊን ቀለበት እና የማይክሮቲዩቡል አጀማመር

በእንስሳት ሕዋስ ውስጥ ለማይክሮቲዩቡል አስቸጋሪው ደረጃ ዕድገቱ ሳይሆን ጅማሬው ነው፤ ጥቂት የቱቡሊን ጥንዶች ብቻቸውን ሲገጣጠሙ ቶሎ ይበታተናሉና። ይህን መሰናክል የሚያቃልለው የጋማ ቱቡሊን ቀለበት በተለምዶ የቱቦው «ቅርጽ ማውጫ» ተደርጎ ይገለጻል። አገላለጹ ግን ብቻውን የሚበቃ አይመስልም። የሰው ቀለበት 14 የጋማ ቱቡሊን ሞለኪውሎች ሲይዝ፣ በሕዋስ ውስጥ የሚገኘው ቱቦ አብዛኛውን ጊዜ 13 ረድፎች አሉት። እ.ኤ.አ. በ2020 የታተሙ የክራዮ ኤሌክትሮን ማይክሮስኮፕ ምስሎችም ሥራ ያልጀመረው ቀለበት ከቱቦው ይልቅ የሰፋና ወጥነት የጎደለው መሆኑን አሳይተዋል። በ2024 የወጡ ጥናቶች እንዳመለከቱት፣ ቀለበቱ የሚዘጋው ቱቦው መገንባት ሲጀምር ነው። ስለዚህ ቁጥጥሩን በአጋዥ ፕሮቲኖች ዘንድ መፈለግ ተገቢ ነው፦ ኤክስኤምኤፒ215 የቱቡሊን ጥንዶችን ያቀርባል፤ ሲዲኬ5አርኤፒ2 ደግሞ ከቀለበቱ ጋር ተጣብቆ ሥራውን ያነቃቃል። የኋለኛው ዘረመል ሁለቱም ቅጂዎች ሲጎዱ ሕፃኑ ከመጠን ባነሰ አንጎል ይወለዳል።