ዋሱ ወረቀት ነው፦ የቤት ዕቃ ሲበላሽ ወጪው የማን ነው?

በአገራችን «ዋስ» ሲባል በዓይነ ኅሊናችን የሚመጣው ሰው ነው። ጎረቤት፣ የሥራ ባልደረባ ወይም የአገር ሽማግሌ ቀርቦ ፈርሞ «እኔ አለሁ» ይላል። እዚህ አገር ዋሱ ወረቀት ነው። ወረቀት ደግሞ ካልተነበበና በክብር ካልተቀመጠ በችግር ቀን አይናገርም። ፍሪጅ፣ ምድጃ ወይም የልብስ ማጠቢያ ማሽን ሲበላሽ ብዙዎቻችን ጥያቄ ሳናነሣ ከኪሳችን የምንከፍለው ገንዘብ ስለሌለን ሳይሆን መብታችን የቱ ጋ እንደተጻፈ ስለማናውቅ ነው። ወጪው የጠጋኙ ሒሳብ ብቻም አይደለም። ሌሊት ሆስፒታል ሠርቶ የገባ ወይም ታክሲ የሚነዳ ወገን ጠጋኝ ሲጠብቅ የሚያቃጥለው የሥራ ሰዓትም ገንዘብ ነው። ስለዚህ በዛሬው ዓምዳችን የዚህን ወረቀት ምሥጢር ደረጃ በደረጃ እንመለከታለን።

ሦስቱ የዋስትና ዓይነቶች

አንደኛው፣ አምራቹ ፋብሪካ በጽሑፍ የሚሰጠው ዋስትና ነው። በ1975 የወጣው ማግኑሰን-ሞስ የተባለው የፌዴራል ሕግ ይህን ይገዛል። በሕጉና በደንቦቹ መሠረት ዋጋው ከ15 ዶላር በላይ ለሆነ የቤት ዕቃ የተሰጠ የጽሑፍ ዋስትና ገዢው ከመክፈሉ በፊት እንዲያነበው መቅረብ አለበት። ወረቀቱ «ሙሉ» ወይም «ውሱን» መሆኑንም መግለጽ ይኖርበታል። በገበያ ላይ የምናገኘው አብዛኛው ውሱኑ ነው። የተለመደው ለአንድ ዓመት መለዋወጫና የእጅ ዋጋ ነው። በፍሪጅ ላይ «የኮምፕረሰር ዋስትና 10 ዓመት» የሚል ማስታወቂያ ሲያዩ ደስ ከመሰኘትዎ በፊት ዝርዝሩን ይመልከቱ። ብዙ ጊዜ ከመጀመሪያዎቹ ዓመታት በኋላ ፋብሪካው የሚሰጠው ዕቃውን ብቻ ነው። የእጅ ዋጋው የእርስዎ ይሆናል፤ እሱ ደግሞ ቀላል አይደለም።

ሁለተኛው፣ ማንም ሳይጽፈው ሕጉ ራሱ የሚሰጠው ዋስትና ነው። ነጋዴ የሸጠው ዕቃ ለተሠራበት ሥራ የሚውል መሆን አለበት። ፍሪጅ ማቀዝቀዝ፣ ማድረቂያም ማድረቅ ይኖርበታል። ይህ ሐሳብ ለእኛ እንግዳ አይደለም፤ የአገራችን የ1952 ዓ.ም የፍትሐ ብሔር ሕግም ሻጭ ለሸጠው ነገር ጉድለት ኃላፊ መሆኑን ይደነግጋል።

ሦስተኛው፣ ሱቁ ገንዘብ አስከፍሎ የሚሸጠው ኤክስቴንድድ ዋራንቲ ነው። ይህ በእርግጥ ዋስትና ሳይሆን የአገልግሎት ውል ነው። ወደ ኋላ እንመለስበታለን።

ድንበር መሻገር ዋጋ አለው

ዩኒቨርሲቲ ቡሌቫርድና ኒው ሃምፕሺር አቬኑ በሚገናኙበት በላንግሊ ፓርክ የሚኖር ሰው በአንድ ቀን ውስጥ ሜሪላንድን፣ ዲሲንና ቨርጂኒያን ሊረግጥ ይችላል። ሲልቨር ስፕሪንግ ቡና ጠጥቶ አሌክሳንድሪያ ዕቃ መግዛት የተለመደ ነው። ሕጉ ግን በሦስቱም ቦታ አንድ አይደለም።

በሜሪላንድና በዲሲ ለቤት አገልግሎት የሚውል ዕቃ የሚሸጥ ነጋዴ «እንዳለ ነው፣ ከበር ከወጣ አላውቅም» ብሎ ሕጉ የሰጠዎትን ዋስትና መሰረዝ አይችልም። ደረሰኙ ላይ ቢጽፈውም ያ ቃል ዋጋ የለውም። በቨርጂኒያ ግን ይህ አጻጻፍ በግልጽ ከሰፈረ ሊጸና ይችላል። ስለዚህ ያገለገለ ፍሪጅ በ250 ዶላር ሲገዙ የት እንደገዙት ከዋጋው ባልተናነሰ ይመዝናል።

እዚህ ላይ ሁለት ነገር ልብ ይበሉ። ያገለገለ ዕቃ እንደ ዕድሜውና እንደ ዋጋው ይመዘናል። የ8 ዓመት ማሽን እንደ አዲስ ይሠራል ብሎ መከራከር አያዋጣም፤ በሳምንቱ ጭራሽ መሥራት ካቆመ ግን ጥያቄ አለዎት። ሁለተኛ፣ ይህ ግዴታ የነጋዴ ነው። ቤት የሚለቅ ግለሰብ ማጠቢያ ማሽኑን ቢሸጥልዎ እንደ ነጋዴ አይጠየቅም። እንደዚያ ሲገዙ ማሽኑ ተሰክቶ፣ ውኃ ሞልቶ፣ አሽከርክሮ ሲጨርስ በዓይንዎ አይተው ይክፈሉ።

ኤክስቴንድድ ዋራንቲ ልግዛ?

በሒሳብ እንየው። እንበል ፍሪጁ 900 ዶላር ነው። የሜሪላንድ የሽያጭ ታክስ 6 በመቶ ሲጨመርበት 954 ይሆናል። ሻጩ «የ5 ዓመት ጥበቃ በ180 ዶላር» ይልዎታል። የመጀመሪያውን ዓመት ፋብሪካው በነፃ ሸፍኖታል፤ ስለዚህ በእርግጥ የሚገዙት 4 ዓመት ነው፤ በዓመት 45 ዶላር ማለት ነው። አሁን ለፍሪጁ፣ ለምድጃው፣ ለማጠቢያው፣ ለማድረቂያውና ለቴሌቪዥኑ እንደዚሁ ገዙ እንበል። 5 ጊዜ 180፣ 900 ዶላር ሆነ። የአንድ አዲስ ፍሪጅ ዋጋ ለወረቀት ከፈሉ ማለት ነው። አምስቱም በአራት ዓመት ውስጥ አብረው ሊበላሹ ያላቸው ዕድል ጠባብ ነው።

እኔ የምመክረው ዕድርን ነው። ዕድር ሐዘን ከመምጣቱ በፊት በትንሽ በትንሹ እንደሚዋጣ ሁሉ፣ በወር 15 ዶላር በተለየ የቁጠባ ሒሳብ ያስቀምጡ፤ በዓመት 180 ዶላር ይሆናል። ዕቃው ካልተበላሸ ገንዘቡ የእርስዎ ነው። እንዲሁም አንዳንድ ክሬዲት ካርዶች በካርዱ ለተገዛ ዕቃ የፋብሪካውን ዋስትና ያራዝማሉ። የካርድዎን መመሪያ ሳያነቡ ሌላ ጥበቃ አይግዙ።

ውሉን መግዛት ከመረጡ ደግሞ ከመፈረምዎ በፊት ሦስት ጥያቄ ይጠይቁ። ጠጋኝ በመጣ ቁጥር የምከፍለው አለ? ዕቃው መጠገን ካልቻለ ገንዘቡ ይመለሳል ወይስ ይለወጣል? ከውሉ ጀርባ ያለው ኩባንያ ማን ነው? ሦስተኛው የዋዛ ጥያቄ አይደለም። ዋና መሥሪያ ቤቱ ሪችመንድ የነበረው ሰርኪት ሲቲ በመጋቢት 2009 ሱቆቹን ዘግቷል፤ ሲርስም በጥቅምት 2018 የኪሳራ ጥበቃ ጠይቋል። ሱቅ ይዘጋል፤ ስለዚህ ውሉን የሚያስፈጽመው ድርጅት ስምና ስልክ ወረቀቱ ላይ መኖሩን ያረጋግጡ።

ይጠገን ወይስ ይለወጥ?

ጠጋኞች ዘንድ የታወቀ መለኪያ አለ፦ የጥገናው ዋጋ ከአዲሱ ግማሽ ካለፈና ዕቃው ዕድሜውን ካጋመሰ ይለወጥ ይባላል። ከዚህ የተሻለው ግን በዓመት ማካፈል ነው። የ8 ዓመት ማጠቢያ ማሽን ለማስጠገን 320 ዶላር ተጠየቁ እንበል። ቢጠገን ሌላ 3 ዓመት ያገለግላል ብለው ቢገምቱ በዓመት 107 ዶላር ገደማ ወጣ። አዲሱ ከነታክሱ 636 ዶላር ሆኖ 11 ዓመት ቢያገለግል በዓመት 58 ዶላር ገደማ ነው። ስለዚህ ይለወጥ። ጥገናው 120 ዶላር ቢሆን ግን በዓመት 40 ብቻ ስለሚደርስ ማስጠገኑ ያዋጣል።

ጠጋኝ ሲጠሩ አስቀድመው የመምጫ ክፍያው ስንት እንደሆነና ሥራውን ከሰጡት ከዋጋው ላይ ይቀነስ እንደሆነ ይጠይቁ። ዋጋውን በጽሑፍ ሳይቀበሉ ማሽኑ እንዲፈታ አይፍቀዱ። የተቀየረውን አሮጌ መለዋወጫም እንዲያሳይዎ ይጠይቁ።

ብዙ ሰው የሚፈራው ሌላም ነገር አለ፦ «ውጭ ካስጠገንኩ ዋስትናዬ ይሰረዛል» ይባላል። በ1975ቱ ሕግ መሠረት አምራቹ የራሱን መለዋወጫና ጠጋኝ በነፃ ካልሰጠ በቀር «ሌላ ከተጠቀሙ ዋስትናው ፈረሰ» ማለት አይችልም። የፌዴራል ንግድ ኮሚሽን በ2018 እንዲህ ያለ ቃል ለተጠቀሙ 6 ኩባንያዎች የማስጠንቀቂያ ደብዳቤ ጽፏል። ሆኖም ጉዳቱን ያመጣው የውጭው ጥገና ከሆነ ለዚያ ጉዳት አይከፍሉም። እንዲሁም በዋስትና ጊዜ ነፃው ጥገና የሚገኘው አምራቹ በፈቀደለት ጠጋኝ ዘንድ ነው።

ሲበላሽ ምን ላድርግ?

«ሳይደርቅ በእርጥቡ፣ ሳይርቅ በቅርቡ» ይባላል። ዋስትና ቀን አለውና እንከኑን ባዩበት ቀን ይንቀሳቀሱ።

1. ደረሰኙን፣ የሞዴልና የሴሪያል ቁጥሩን ያዘጋጁ። የደረሰኝ ቀለም በጊዜ ይጠፋል፤ በገዙበት ቀን በስልክዎ ፎቶ ያንሱት።

2. ለአምራቹም ለሻጩም ያሳውቁ። ከስልኩ በኋላ በጽሑፍ ይድገሙት። በቃል ያለ ይረሳል፣ በጽሑፍ ያለ ይወረሳል። ያነጋገሩትን ሰው ስም፣ ቀንና የጉዳይ ቁጥር ይመዝግቡ።

3. ዕቃው ከገበያ የተጠራ መሆኑን ይመልከቱ። ለምሳሌ በኅዳር 2016 ሳምሰንግ ከላይ የሚከፈቱ 2.8 ሚሊዮን ያህል የማጠቢያ ማሽኖቹን ለደኅንነት ሲል ጠርቷል። እንዲህ ያለው ጥሪ ከተራው ዋስትና የተለየ ነው፤ የአንድ ዓመቱ ጊዜ አልፏል ብለው አይተዉት።

4. በክሬዲት ካርድ ከፍለው ከሆነ ሕጉ ተጨማሪ በር ከፍቶልዎታል። ዕቃው ካልመጣ ወይም የመጣው ያዘዙት ካልሆነ፣ ሒሳቡ የወጣበት የመጀመሪያ መግለጫ ከተላከ በ60 ቀን ውስጥ ለካርዱ ድርጅት በጽሑፍ ይቃወሙ። የጥራት ችግር ከሆነ ደግሞ ዋጋው ከ50 ዶላር በላይ ከሆነ፣ ግዢው በሚኖሩበት ስቴት ወይም ከአድራሻዎ በ100 ማይል ውስጥ ከተፈጸመ፣ ከሻጩ ጋርም ለመስማማት ከሞከሩ፣ ገና ያልከፈሉትን ቀሪ ለመያዝ ይችላሉ። ዲሲም አሌክሳንድሪያም ከላንግሊ ፓርክ በ100 ማይል ውስጥ ናቸው። በካሽ የከፈለ ይህ በር የለውም።

5. ካልተሳካ ለሜሪላንድ ጠቅላይ ዐቃቤ ሕግ የሸማቾች ጥበቃ ክፍል አቤት ይበሉ። ክፍሉ በነፃ ያሸማግላል። የመጨረሻው አማራጭ እስከ 5,000 ዶላር ያለ ክርክር የሚታይበት የሜሪላንድ ዲስትሪክት ኮርት የአነስተኛ ክርክሮች ችሎት ነው። ጠበቃ ግዴታ አይደለም። የአማርኛ አስተርጓሚም አስቀድመው ቢጠይቁ ያለ ክፍያ ይመደብልዎታል። የሽያጭ ውል ክርክር በጥቅሉ ዕቃው ከተረከበ በ4 ዓመት ውስጥ መቅረብ አለበት።

ለተከራዮች

ከአፓርትመንቱ ጋር አብሮ የተሰጠዎት ፍሪጅና ምድጃ የአከራዩ ንብረት ነው። የኪራይ ውልዎ ስለ ጥገና የሚለውን አንብበው ጥያቄውን በጽሑፍ ያቅርቡ። ጽሕፈት ቤቱ ሳያውቅ በራስዎ ገንዘብ አስጠግነው ከኪራዩ ላይ አይቀንሱ፤ ኪራይ እንዳልከፈለ ተቆጥረው ሊከሰሱ ይችላሉ። ፍሪጁ ቆሞ የተበላሸ ምግብንም ዋስትናዎች አብዛኛውን ጊዜ አይከፍሉም። የተከራይ ኢንሹራንስ ካለዎት ይህን ይሸፍን እንደሆነ ይጠይቁ።

ለባለ ንግዶች

ምግብ ቤት ወይም ቡና ቤት የከፈተ ወገን ለመቆጠብ ሲል የቤት ፍሪጅ ገዝቶ ሱቅ ውስጥ ሲያስቀምጥ እናያለን። የቤት ዕቃ ዋስትና አብዛኛውን ጊዜ «ለንግድ ከዋለ አይሠራም» ይላል። ስለዚህ 300 ዶላር የቆጠቡ መስሎዎት ዋስትናውን በሙሉ ጥለውታል። ከላይ ያየነው የሜሪላንድ ጥበቃም ለቤት አገልግሎት ለተገዛ ዕቃ ነው።

በታክስ በኩል ለንግድዎ ዕቃ ያወጡት ተራ የጥገና ወጪ በዚያው ዓመት ከገቢ ይቀነሳል። የተገዛ ዕቃ በአንድ ፍሬ እስከ 2,500 ዶላር ከሆነም በታክስ ማስታወቂያዎ ላይ ምርጫውን በማያያዝ በአንድ ጊዜ ሊቀንሱት ይችላሉ። የቤትዎ ፍሪጅ ግን የንግድ ወጪ አይደለም። ሁለቱን በአንድ ደረሰኝ አይግዙ፤ ደረሰኙን ታክስ ካቀረቡ በኋላ ቢያንስ 3 ዓመት ያቆዩ።

ወደ አገር ቤት ሲልኩ

ዕቃ በኮንቴይነር ለቤተሰብ የምትልኩ ወገኖች፣ የአሜሪካ የቤት ዕቃ ዋስትና አብዛኛውን ጊዜ ከአሜሪካ ውጭ አይሠራም። ችግሩ የወረቀት ብቻም አይደለም። እዚህ ኤሌክትሪኩ 120 ቮልት በ60 ኸርዝ ነው፤ በኢትዮጵያ 220 ቮልት በ50 ኸርዝ ነው። ትራንስፎርመር ቮልቱን እንጂ ኸርዙን አይለውጥም። ለ60 የተሠራ የፍሪጅ ሞተር በ50 ሲሠራ ፍጥነቱ በስድስተኛ ገደማ ይቀንሳል፣ ይሞቃልም፣ ዕድሜውም ያጥራል።

በተቃራኒው ከአዲስ አበባ የመጣ የ220 ቮልት ምጣድ በተራው የ120 ሶኬት ላይ ከኃይሉ 30 በመቶ ያህሉን ብቻ ያገኛል፤ እንጀራው አይን አያወጣም። ሶኬት ቀይሮ በማድረቂያው መስመር ላይ ለመሰካት የሚሞክር አለ። ፈቃድ ያለው ኤሌክትሪሻን ሳያየው ይህ እሳት መጥራት ነው። ብዙ ቤቶች ለሌፍሴ ቂጣ የተሠራውን የአሜሪካ ክብ መጋገሪያ የሚጠቀሙት ለዚህ ነው።

እንግዲህ ዛሬ ማታ አንድ ፖስታ አውጥተው በቤትዎ ያሉትን ዕቃዎች ደረሰኝ፣ የዋስትና ወረቀትና የገዙበትን ቀን በአንድነት ያስቀምጡ። ዋስትናው የሚያበቃበትን ቀን ከፖስታው ላይ በጉልህ ይጻፉ፤ ከዚያ ቀን አንድ ወር በፊት እያንዳንዱን ዕቃ ፈትሸው እንከን ካለው ያሳውቁ። ለዚህ ሥራ ግማሽ ሰዓት ይበቃል።

ቸር ይግጠመን።