የኤ.ቢ.ኤስ. መቆጣጠሪያ ሳጥን ተበላሸ በተባለ ጊዜ ነጋዴ ሊያውቀው ስለሚገባ ነገር

ከደሴ ተነሥቶ በሐይቅ፥ በውጫሌ፥ በውርጌሳና በመርሳ አልፎ ወደ ወልድያ የሚሄደው መንገድ ሲሪንቃን አቋርጦ ያልፋል። በዚህ መንገድ ዳር የሚኖር ነጋዴ እህሉም፥ ጨርቁም፥ ሳሙናውም የሚመላለሰው በመኪና ስለ ሆነ፥ የፍሬን ነገር የሾፌርና የመካኒክ ጉዳይ ብቻ ነው ሊል አይችልም። እኔ የነጋዴ ጸሐፊ እንጂ መካኒክ አይደለሁም። ዳሩ ግን ባለፈው ክረምት ለአንድ የፍሬን ዕቃ በከንቱ የወጣውን ገንዘብ በሒሳብ መዝገብ ላይ የጻፍሁት እኔ ነኝና፥ ነገሩን እስከ መጨረሻው ጠይቄ ለመረዳት ተገድጃለሁ።

ነገሩ እንዲህ ነበር። የአሠሪዬ ፒክአፕ ከጋሸና ገብስ ጭኖ የድልብን ቁልቁለት ሲወርድ በዳሽቦርዱ ላይ «ኤ.ቢ.ኤስ.» የሚል ቢጫ መብራት በራ፤ ወልድያ ከገባም በኋላ አልጠፋም። መኪናውን ያየው ጋራዥ የመመርመሪያ መሣሪያ እንኳ ሳያገናኝ «ኮምፒውተሩ ተቃጥሏል» ብሎ ፈረደ። ወዲያውም ከአዲስ አበባ ያገለገለ ሳጥን ተገዝቶ መጣ፤ በመልኩ ከነባሩ ጋር መንታ ይመስል ነበር። በተገጠመ ጊዜ መብራቱ እንደ በራ ቀረ። መኪናው 12 ቀን ከቆመ በኋላ ሌላ መካኒክ መሣሪያውን አገናኝቶ የቀኙን የፊት ጎማ ሴንሰር የሚያመለክት ቁጥር አገኘ። ጎማው በተጠማዘዘ ቁጥር ሽቦው ከብረት ጋር እየተፋተገ ተበጥሶ ኖሯል። ሽቦው ተቀጥሎ፥ ነባሩ ሳጥን ተመልሶ ሲገጠም መብራቱ ጠፋ። በከንቱ የተገዛውን ሳጥን ለመመለስ ብንጠይቅ፥ «የተሸጠ ዕቃ አይመለስም» የሚለው የደረሰኙ ጽሑፍ ተነበበልን።

ኤ.ቢ.ኤስ. የሚባለው ፍሬን ሲያዝ ጎማው ፈጽሞ ተቆልፎ እንዳይንሸራተት የሚከለክል ሥርዓት ነው። ይህን የመሰለ ዘዴ አስቀድሞ በአውሮፕላን ጎማዎች ላይ ተሠርቶበት ነበር፤ ዛሬ የምናውቀውን የኤሌክትሮኒክ ዓይነት ግን የጀርመኑ ቦሽ ኩባንያ ሠርቶ፥ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ1978 በመርሴዲስ ቤንዝ አውቶሞቢል ላይ ለገበያ ቀረበ። በየጎማው አጠገብ ያለው ሴንሰር የጎማውን ፍጥነት እየለካ ለመቆጣጠሪያው ሳጥን ይልካል። ሳጥኑም አራቱን እያወዳደረ፥ አንዱ ጎማ ከሌሎቹ ተለይቶ በድንገት ሊቆም ሲል፥ ወደዚያ ጎማ የሚሄደውን የፍሬን ዘይት ግፊት በቫልቮች አማካይነት ይይዛል፥ ይቀንሳል፥ መልሶም ይጨምራል። ይህን በአንድ ሰከንድ ውስጥ ብዙ ጊዜ ያደርገዋል፤ ፔዳሉ ከእግር ሥር ሲንቀጠቀጥ የሚሰማውም ስለዚህ ነው። ዋናው ጥቅሙ ፍሬን ተረግጦ ሳለ መሪው መታዘዙ ነው እንጂ፥ ብዙ ሰው እንደሚያስበው መኪናውን ሁልጊዜ በአጭር ርቀት ማቆሙ አይደለም። እንዲያውም በጠጠር መንገድ ላይ መቆሚያው ሊረዝም ይችላል።

ሳጥኑ ራሱንም ሴንሰሮቹንም ይመረምራል። ጉድለት ባገኘ ጊዜ ቢጫውን መብራት ያበራና ሥራውን ያቆማል፤ የተለመደው ፍሬን ግን ይቀራል። ሾፌሮች «ፍሬኑ ደኅና ነው» የሚሉት ከዚህ የተነሣ ነው፤ በደረቅ ሜዳ ላይ አነጋገራቸው ውሸት አይደለም። ነገር ግን ዝናብ በጣለበት የድልብ ጠመዝማዛ ላይ ጭነት የያዘ መኪና ጎማው ከተቆለፈ መሪው አይታዘዝም። ከቢጫው ጋር ቀዩ የፍሬን መብራት በአንድነት የበራ እንደ ሆነ ደግሞ ጉዳዩ ከዚህ ይከፋል። ወይ የፍሬን ዘይት ጎድሏል፥ ወይም የኋላና የፊት ፍሬን ኃይል የሚመጠንበት ሥራ ተቋርጧል። በዚህ ሁኔታ ያለ መኪና ሳይመረመር ወደ ቁልቁለት መሄድ የለበትም። መብራቱ ስላስጨነቀው አምፖሉን ያስነቀለ ሰው አውቃለሁ፤ መኪናውን ሊገዛው የመጣውን ሰው ማታለሉ ሳያንስ ልጆቹንም በዚያው መኪና ያመላልስ ነበር።

እንግዲህ ሳጥኑ ተበላሸ ከመባሉ በፊት ርካሹ ነገር ይቅደም። የባትሪው ኃይል ደካማ ከሆነ ወይም ዲናሞው በቂ ካልሞላ ሳጥኑ ሥራውን ያቆማል፤ ሞተሩ ሲሠራ በባትሪው ላይ የሚለካው በአብዛኛው ከ13.5 እስከ 14.5 ቮልት ገደማ ሊሆን ይገባል። ቀጥሎ ፊውዙና ከሻንሲው ጋር የሚያያዘው የመሬት ሽቦ ይታያል። ከዚያ በኋላ መመርመሪያው መሣሪያ ተገናኝቶ የብልሽቱ ቁጥር ይነበባል። ለምሳሌ በብዙ የቶዮታ መኪናዎች ላይ ሲ 0200 የሚለው የቀኙን የፊት ጎማ ሴንሰር መሥመር ያመለክታል። ይህ ማለት ግን ሴንሰሩ ራሱ ሞቷል ማለት አይደለም፤ ሽቦው፥ ሶኬቱ፥ ጥርስ ያለው ቀለበት ወይም የላላ ኩሽኔታ ሊሆን ይችላል። ሴንሰሩ በጭቃና በብረት ብናኝ ተሸፍኖ የተገኘበትም ጊዜ ብዙ ነው። የድሮው ዓይነት ሴንሰር በኦም መለኪያ ሊፈተን ይችላል፤ አዲሱ ዓይነት ግን በውስጡ የኤሌክትሮኒክ ክፍል ስላለው በዚህ መንገድ አይለካም።

ሳጥኑ በእውነት የሚበላሽበትም ጊዜ አለ። በሙቀትና በንዝረት ብዛት በውስጡ ያሉት ጥቃቅን የብየዳ ነጥቦችና ክር የመሰሉ ሽቦዎች ይለቃሉ፤ መብራቱ ጧት ጠፍቶ መኪናው ሲሞቅ የሚበራው አንዳንድ ጊዜ በዚህ ምክንያት ነው። በላቫጆ በኃይለኛ ውሃ ሞተር ሲታጠብ ሶኬቱ ውስጥ ውሃ ይገባል። በአገራችን ደግሞ የጭነት ሳጥን በኤሌክትሪክ መበየድ የተለመደ ስለ ሆነ፥ ባትሪውና የመቆጣጠሪያው ሶኬት ሳይነቀሉ የሚደረግ ብየዳ ሳጥኑን ሊያቃጥለው ይችላል።

በብዙ መኪናዎች ላይ የኤሌክትሮኒኩ ሳጥን ከቫልቮቹ አካል በብሎን ተፈትቶ ለብቻው ይወጣል። ይህ ሲሆን የዘይት ቱቦ አይከፈትም፤ የለቀቁት ነጥቦች በባለሙያ እጅ ተበይደው ነባሩ ሳጥን ሊመለስ ይችላል። ይህ መንገድ ሲቻል ከሁሉ ይሻላል እላለሁ፤ ነባሩ ሳጥን መኪናውን ያውቀዋልና። አዲስ ወይም ያገለገለ ሳጥን የተገጠመ እንደ ሆነ ግን በብዙ ሞዴሎች ላይ በመሣሪያ አማካይነት ከመኪናው ጋር መተዋወቅ አለበት። የቫልቮቹ አካል በሙሉ ከተቀየረም አየሩ በተራ መንገድ ፔዳል በመርገጥ ብቻ ላይወጣ ስለሚችል፥ ፓምፑን የሚያሠራ መሣሪያ ያለው ጋራዥ ያስፈልጋል።

አስመጭዎችን የሚመለከተው ይህ ነው። በአዋጅ ቁጥር 1186/2012 ባገለገሉ መኪናዎች ላይ ከባድ የኤክሳይስ ታክስ ተጥሏል፤ በ2016 ዓ.ም. ደግሞ በነዳጅ የሚሠሩ አውቶሞቢሎች እንዳይገቡ ታግዷል። ስለዚህ በእጃችን ያሉት መኪናዎች ረጅም ዘመን እንዲያገለግሉ ግድ ነው፤ የመለዋወጫው ገበያም በዚያው ልክ ይሰፋል። የኤሌክትሪክ መኪናዎችም ቢሆኑ ከኤ.ቢ.ኤስ. ነፃ አይደሉም። ነገር ግን ሳጥን በመልኩ የሚሸጥ ዕቃ አይደለም። በላዩ የተለጠፈው ቁጥር አንድ አሃዝ እንኳ ቢለይ ለሌላ ሞተር ወይም ለሌላ አገር ገበያ የተሠራ ሊሆን ይችላል። ትእዛዝ ሲላክ የነባሩ ሳጥን መለያ ፎቶግራፍና በሊብሬው ላይ ያለው የሻንሲ ቁጥር አብሮ ይላክ። ባለሱቆችም ሳጥን ከማከማቸት ይልቅ ሴንሰር፥ ሶኬትና ኩሽኔታ ቢይዙ ገንዘባቸው አይታሰርም። ሳጥን ግን በትእዛዝ ይምጣ፤ ቁጥሩ በደረሰኙ ላይ ይጻፍ፤ ሻጩም የላከው ቁጥር ከታዘዘው የተለየ ከሆነ መልሶ ለመቀበል ይፈርም።

እኛ በከንቱ የገዛነው ሳጥን ሲሪንቃ ባለው መጋዘናችን ከሳሙናው ካርቶን በላይ ተቀምጧል። ቁጥሩን በወረቀት ጽፌ በሩ ላይ ለጥፌዋለሁ፤ ቁጥሩ የሚስማማው መኪና ያለው ሰው ግን እስከ ዛሬ አልመጣም።