የኤሌክትሪክ ኃይል ሲደክም በነጋዴው ላይ የሚደርሰው ኪሣራ

በወልቂጤና በቡታጅራ ከተሞች ወፍጮ ቤቱ፥ ዳቦ ቤቱ፥ የእንጨትና የብረት ሥራ ቤቱ፥ ማቀዝቀዣ ያለውም ሱቅ ሥራቸው በኤሌክትሪክ ላይ የተመሠረተ ነው። ኃይል ፈጽሞ ሲቋረጥ ሞተሩ ይቆማል፥ ገበያተኛውም ይመለሳል፤ ጉዳቱ ለሁሉም ይታያል። ሳይቋረጥ ሲደክም ግን አምፑሉ ስለሚበራ ብዙ ሰው ኪሣራ መኖሩን አያስተውልም።

የድካሙ ምክንያት ሁልጊዜ የኃይል ማነስ አይደለም። ከወልቂጤ ወደ ጅማ የሚወስደው መንገድ በሚሻገረው በጊቤ ወንዝ ተፋሰስ፥ ግልገል ጊቤ በ1996 ዓ.ም. በ184 ሜጋዋት፥ ጊቤ 2ኛ በ2002 ዓ.ም. በ420፥ ጊቤ 3ኛም በ2009 ዓ.ም. በ1,870 ሜጋዋት ተመርቀዋል። እርግጥ በግንቦት 2011 ዓ.ም. የጊቤ 3ኛ ውሃ በመጉደሉ ኃይል በመላ አገሪቱ በፈረቃ ታድሎ ነበር። ጳጉሜን 4 ቀን 2017 ዓ.ም. ግን 5,150 ሜጋዋት የሚያመነጨው የሕዳሴ ግድብ ተመርቋል።

ይሁን እንጂ ኃይል ከግድብ እስከ ሱቅ ሦስት ደረጃዎችን ያልፋል፤ እነርሱም ማመንጨት፥ ማስተላለፍና ማከፋፈል ናቸው። ከ2006 ዓ.ም. ወዲህ ሁለቱን የኢትዮጵያ ኤሌክትሪክ ኃይል፥ ሦስተኛውን የኢትዮጵያ ኤሌክትሪክ አገልግሎት ይሠራሉ። ግድቡ ሞልቶ ሳለ ትራንስፎርመሩ ከአቅሙ በላይ ከተጫነ፥ ሽቦው ቀጭንና ረዥም ከሆነ፥ ወይም ደንበኞች በሦስቱ ፌዝ ላይ ሳይመጣጠኑ ከተቀጠሉ፥ በመስመሩ ጫፍ ያለው ሱቅ 220 ቮልት አያገኝም።

ለምሳሌ 6 ኪሎዋት የሆነ የዳቦ ምድጃ 180 ቮልት ብቻ ደረሰው እንበል። የምድጃው ኃይል የሚለካው ቮልቴጁ በራሱ ተባዝቶ በሚገኘው ቁጥር ነው። 220 በ220 ሲባዛ 48,400፥ 180 በ180 ሲባዛ 32,400 ይሆናል። ስለዚህ ቮልቴጁ ከመቶ 18 ያህል ሲወርድ ኃይሉ ከመቶ 33 ይወርዳል፤ ምድጃው 4 ኪሎዋት ብቻ ይሠራል፥ የ1 ሰዓቱን ሙቀት ለመስጠትም 1 ሰዓት ተኩል ይፈጅበታል።

የወፍጮ ሞተር ጉዳት ከዚህ የባሰ ነው። ጭነቱ ሳይቀነስ ቮልቴጅ ሲወርድ ሞተሩ ተጨማሪ አምፔር ይስባል፤ ጥቅሉ ይግላል፥ በመጨረሻም ይቃጠላል። የማረቆ በርበሬ ወደ ገበያ በሚጎርፍበት ወራት ወፍጮዎች ሁሉ ባንድነት ሲነሡ አደጋው ይበረታል።

ስለዚህ የሚከተሉት ይጠቅማሉ፤

1ኛ/ ነጋዴው ጧት፥ ቀትርና ማታ ቮልቴጁን በመለኪያ አይቶ በመዝገብ ይጻፍ።

2ኛ/ ቮልቴጅ ከልክ ሲወርድ ወይም አንዱ ፌዝ ሲጠፋ ሞተሩን የሚያቆም መከላከያ ያስገጥም። የዚህ ዕቃ ዋጋ ከተቃጠለ ሞተር ማስጠቅለያ ጋር ይመዛዘን፤ አስመጪዎችም ሞተር ሲያስመጡ መከላከያውን አብረው ቢያቀርቡ ደንበኛቸውን ይጠቅማሉ።

3ኛ/ በአንድ ትራንስፎርመር የሚገለገሉ ወፍጮ ቤቶች ሞተሮቻቸውን በተራ ያስነሡ።

4ኛ/ ጄኔሬተር የሚገዛ ሰው፥ ያለ ማስነሻ መሣሪያ በቀጥታ የሚነሣ ሞተር ከመደበኛው 5 እስከ 7 እጥፍ አምፔር እንደሚስብ ዐውቆ መጠኑን ይምረጥ።

በመጨረሻም የአንድ ሰፈር ነጋዴዎች መዝገባቸውን አስተባብረው ለአገልግሎቱ ቢያቀርቡ፥ ቀኑ፥ ሰዓቱና ቮልቱ ተለይቶ ስለሚታወቅ ትራንስፎርመሩ እንዲለወጥ ወይም ፌዞቹ እንዲመጣጠኑ ለመጠየቅ ጽኑ ማስረጃ ይሆናቸዋል።