ከእናቴ አልጋ ሥር የወጣው ካርቶን

ጥያቄ፦ ዶክተር፣ የምንኖረው ኢየሩሳሌም ከኢትዮጵያ መንገድ ብዙም ሳይርቅ፣ አሮጌ የድንጋይ ቤት ውስጥ ነው። ለትንሣኤ ቤት ስናጸዳ ከእናቴ አልጋ ሥር አንድ ካርቶን ወጣ። ጊዜው ያለፈበት ክኒን፣ አሮጌ የሜርኩሪ ቴርሞሜትር፣ በፕላስቲክ የውሃ ጠርሙስ የታጨቀ ያገለገለ የኢንሱሊን መርፌ፣ ያለቀ ባትሪ አለበት። በኮካ ጠርሙስ ደግሞ ምን እንደሆነ ማንም የማያውቀው ፈሳሽ አለ። እናቴ «መድኃኒት አይጣልም፣ ለክፉ ቀን ይሆናል» ይላሉ። የአራት ዓመት ልጅ ስላለኝ ፈራሁ። የቱን የት ልጣል?

መልስ፦ እህቴ፣ መፍራትዎ ትክክል ነው። ከሁሉ በፊት የኮካውን ጠርሙስ ያንሡ። ከፍተው አያሽትቱት፣ ወደ ሌላ ዕቃ አይገልብጡት፣ መታጠቢያ ወይም ሽንት ቤት ውስጥም አይድፉት። ላዩ ላይ «መርዝ» ብለው ይጻፉና ልጁ በማይደርስበት ቦታ ይቆልፉበት። ከዚያ ወደ ማዘጋጃ ቤቱ 106 ደውለው አደገኛ ቆሻሻ የት እንደሚቀበሉ ይጠይቁ። የአራት ዓመት ልጅ ጽሑፍ አያነብም፤ ጠርሙስ የሚለየው በቅርጹና በቀለሙ ነው፤ ኮካ ደግሞ ያውቃል። ላምባም ይሁን የተባይ መርዝ፣ ከገዛነው ዕቃ ወደ ለስላሳ ጠርሙስ የሚዞርበት ልማዳችን ከአገር ቤት አብሮን የመጣ ነውና እዚህ ላይ ጠንከር ብዬ ብናገር ይቅር ይበሉኝ።

ልጁ ቢጠጣው ምን ይደረጋል? በጣት ጉሮሮውን ነክቶ ማስመለስ ክልክል ነው። ላምባ ከሆድ ይልቅ ሳንባን ይጎዳል፤ ሲያስመልስ ወደ ሳንባው ይገባና ብርቱ የሳንባ ብግነት ያመጣል። የቱቦ መክፈቻ ከሆነም ሲወርድ ያቃጠለውን ጉሮሮ ሲመለስ ደግሞ ያቃጥለዋል። «ወተት መርዝ ይገድላል» የሚለውንም ይተዉት። ወደ አምቡላንስ 101 ይደውሉ፣ ጠርሙሱንም ይዘው ወደ ሆስፒታል ይሂዱ፤ ሐኪሙ ፈሳሹን ማየት አለበት።

እግረ መንገዴን አንድ ነገር ላንሣ። እ.ኤ.አ. በጥር 2014 በዚሁ በኢየሩሳሌም፣ በጊቫት ሞርዴኻይ ሰፈር፣ ለተባይ ማጥፊያ ቤት ውስጥ ከገባ የአሉሚኒየም ፎስፋይድ ክኒን የወጣ ጋዝ ሁለት ሕፃናት እህትማማቾችን ገደለ። ሁለት ወንድሞቻቸውም ሞት አፋፍ ደርሰው ተረፉ። ይህ አገር ቤት ለነቀዝ እህል ውስጥ የሚገባው ክኒን ነው። እርጥበት ሲነካው ፎስፊን የሚባል ገዳይ ጋዝ ይለቃል፤ ውሃ ውስጥ መጣል ማለት ጋዙን መፍታት ማለት ነው። ከካርቶኑ እንዲህ ያለ ክኒን ቢወጣ አይንኩት፤ ሁሉንም ሰው ከቤት አስወጥተው በሩን ይዝጉና ወደ እሳት አደጋ 102 ይደውሉ።

አሁን ወደ እናትዎ ክኒን። «ለክፉ ቀን» የሚሉትን አክብረው ያስረዱልኝ፤ የመድኃኒት እጥረት አይተው ያደጉ እናት ክኒን መጣል ቢከብዳቸው አይፈረድባቸውም። ነገር ግን ከስኳር ክኒኖች አንዳንዶቹ፣ ለምሳሌ ግሊቤንክላሚድ፣ አንዲት ፍሬ ብቻ የሕፃንን ስኳር ሕይወቱን እስከሚያሳጣ ድረስ ልታወርድ ትችላለች። ጊዜ ያለፈባቸውን ሁሉ በየማሸጊያቸው እንዳሉ ለጤና መድንዎ (ለኩፓት ኾሊም) ፋርማሲ ይመልሱ። ሽንት ቤት ውስጥ አይልቀቋቸው፤ የፍሳሽ ማጣሪያ መድኃኒትን ሙሉ በሙሉ አያስቀርም።

መርፌዎቹ በውሃ ፕላስቲክ መሆናቸው አላስደሰተኝም፤ ስስ ነው፣ ይበሳል። ወፍራም የልብስ ሳሙና ዕቃ ውስጥ ወይም ክሊኒኩ በሚሰጠው የመርፌ ሳጥን ያድርጓቸው፣ ክዳኑን ያጥብቁ፣ ወደ ክሊኒኩ ይመልሱ። ስኳር በሽታ ወደ እስራኤል ከመጣን በኋላ በማኅበረሰባችን በጣም ከተስፋፉት በሽታዎች አንዱ ስለሆነ መርፌው በብዙ ቤት አለ። በተበከለ መርፌ የሚተላለፈው የሄፓታይተስ ቢ ቫይረስ ከሰውነት ውጭ ቢያንስ 7 ቀን በሕይወት ይቆያል። የተጣለ ቆሻሻ የሌላ ሰው እጅ ይነካዋል። መጋቢት 2 ቀን 2009 ዓ.ም. አዲስ አበባ ቆሼ የሚባለው የቆሻሻ ክምር ሲደረመስ ከ110 በላይ ሰው ያለቀው፣ ከቆሻሻው ሥር ቤት ሠርቶ፣ ከእሱም እየለቀመ የሚኖር ሕዝብ ስለነበረ ነው። ከረጢቱን ከበርዎ የሚያነሣው የጽዳት ሠራተኛም እጅ አለው።

ባትሪውን ባትሪ የሚሸጥ ሱቅ ይቀበላል፤ እ.ኤ.አ. በ2012 የወጣ ሕግ አለ። ከሁሉ ክብ ትንሿን ባትሪ ይጠንቀቁ። ልጅ ከዋጣት በ2 ሰዓት ውስጥ ጉሮሮን ትበላለች። ወዲያው ሆስፒታል ይውሰዱት፤ ዕድሜው ከ1 ዓመት በላይ ከሆነና መዋጥ ከቻለ በመንገድ ላይ በየ10 ደቂቃው ሁለት የሻይ ማንኪያ ማር ይስጡት። ማር ጉዳቱን ያዘገያል፣ ሆስፒታልን ግን አይተካም።

ቴርሞሜትሩን እንዳይሰበር በጨርቅ ጠቅልለው በክዳን ዕቃ ያስቀምጡና ከጠርሙሱ ጋር ያስረክቡ። ቢሰበር በመጥረጊያ አይጥረጉ፣ በአቧራ መጥረጊያ ማሽንም በፍጹም፤ ሜርኩሪውን በትኖ ወደ አየር ይልከዋል። ልጁን ያስወጡ፣ መስኮት ይክፈቱ፣ ፍሬዎቹን በወፍራም ወረቀት ሰብስበው በጠርሙስ ይክደኑ። የሜርኩሪ ዋና ጉዳቱ በመተንፈስ ነው።

ጥያቄ፦ ሌላም አለኝ። ኒካዮን፣ የጽዳት ሥራ፣ ነው የምሠራው። የኢየሩሳሌም ውሃ ኖራው ብዙ ስለሆነ ሽንት ቤቱ አልጸዳ ሲል አንቲካልክና ኤኮኖሚካ እቀላቅላለሁ። ዓይኔን ያቃጥለኛል። የተረፈውንስ አንድ ላይ ልድፋው?

መልስ፦ ከዛሬ ጀምሮ ያቁሙ። ኤኮኖሚካ አገር ቤት በረኪና የምንለው ነው። ኖራ የሚያነሣው አንቲካልክ አሲድ ነው። ሲገናኙ ክሎሪን ጋዝ ይወጣል፤ መስኮት በሌለው ጠባብ ሽንት ቤት ውስጥ ሳንባን ይጎዳል። ከአሞኒያ ጋርም እንዲሁ ክፉ ጋዝ ያወጣል። አንዱን ተጠቅመው በብዙ ውሃ ያጥቡ፣ ሌላውን በሌላ ቀን። የተረፈውን በየራሱ ዕቃ ይተዉት፣ አይገልብጡት፣ አይደባልቁት። ሳልና ትንፋሽ ማጠር ካለብዎ ሐኪምዎ ዘንድ ይሂዱ፤ ምን ከምን ጋር እንደቀላቀሉም ሳያፍሩ ይንገሩ። አሠሪዎ ቀላቅዪ ቢሉዎም እንቢ ይበሉ።

በሐይፋ ራምባም ሆስፒታል የሚገኘው የመርዝ መረጃ ማዕከል ቀንና ሌሊት ስልክ ያነሣል፤ ቁጥሩ 04-7771900 ነው። በትልቁ ይጻፉትና እናትዎ በሚያዩበት፣ ከማቀዝቀዣው በር ላይ ይለጥፉት።