ዝናብ ሲጥል የመዋኛ ገንዳ ውሃ ለምን ይበላሻል?

በደማምና በኮባር ብዙዎቻችሁ በምትሠሩባቸው ቪላዎች ግቢ ውስጥ መዋኛ ገንዳ አለ። ገንዳ መንከባከብ የቤት ሠራተኛ ሥራ አይደለም፤ ሙያውን የሚያውቅ ሰው ሊጠራለት ይገባል። ይሁን እንጂ ዝናብ በጣለ ማግስት «ውሃው ቆሽሿል፣ መድኃኒት ጨምሪበት» የምትል ማዳም አትጠፋም። ስለዚህ ነገሩን ማወቁ ይጠቅማል።

በዚህ አካባቢ ዝናብ የሚጥለው በአብዛኛው ከኅዳር እስከ ሚያዝያ ነው። የዓመቱ ሁሉ ተደምሮ 100 ሚሊ ሜትር ገደማ ቢሆን ነው፤ አዲስ አበባ ግን ከ1,000 በላይ ታገኛለች። ታዲያ ጥቂት ቢሆንም ሲመጣ በአንድ ጊዜ ዱብ ይላል። እ.ኤ.አ. በፌብሩዋሪ 2017 የደማምና የኮባር መንገዶች በጎርፍ ተጥለቅልቀው ነበር።

ብዙ ሰው «ዝናብ አሲድ ስላለው ነው ገንዳውን የሚያበላሸው» ይላል። የውሃ አሲድነት የሚለካው ፒኤች በሚባል ቁጥር ነው። 7 መካከለኛ ነው፤ ከዚያ በታች አሲድ ይሆናል። ንጹሕ ዝናብ 5.6 ገደማ ስለሆነ አባባሉ እውነት ይመስላል። እስቲ ሒሳቡን እንሥራው። 8 ሜትር ርዝመት፣ 4 ሜትር ስፋትና 1.5 ሜትር ጥልቀት ያለው ገንዳ 48,000 ሊትር ይይዛል። 20 ሚሊ ሜትር ዝናብ ቢጥል፣ ይህም ለዚህ አገር ከባድ ዝናብ ነው፣ በቀጥታ የሚገባበት 640 ሊትር ብቻ ነው። በ10 ሊትር ድስት ወጥ ላይ አንድ ጭልፋ ውሃ እንደ መጨመር ማለት ነው።

ጥፋቱ ያለው ዝናቡ ይዞት በሚመጣው ነገር ላይ ነው። ለወራት በጣሪያና በግቢ ላይ የተከማቸው አቧራ፣ የወፍ ኩስ፣ ቅጠልና የአትክልት ማዳበሪያ ታጥቦ ይገባል። ክሎሪኑ ይህን ሁሉ ሲዋጋ ያልቃል፤ አረንጓዴው አልጌ ደግሞ ምግብ ያገኛል። የዚህ አገር አቧራ የኖራ ድንጋይ ስለሚበዛበት አሲዱን ያበርደዋል፤ ፒኤቹንም ወደ ላይ ሊገፋው ይችላል። ፒኤች ሲጨምር ክሎሪን ይደክማል፦ በ7.5 ግማሽ ያህሉ ኃይለኛ ሆኖ ሲሠራ፣ በ8.5 አንድ አሥረኛው ብቻ ይቀራል። እንግዲህ ፒኤቹን ሳያዩ ክሎሪን መድፋት ገንዘብ ማባከን ነው።

ስለዚህ መጀመሪያ ቅጠሉን በመረብ ማውጣት፣ ማጣሪያውን ማጠብ፣ ሞተሩንም ማሠራት ያስፈልጋል። ነጎድጓድ ካለ ግን ወደ ገንዳው አትጠጉ። ቀጥሎ በመፈተሻ ወረቀት መለካት ነው። ፒኤች ከ7.2 እስከ 7.8፣ ክሎሪን በሊትር ከ1 እስከ 3 ሚሊ ግራም ሲሆን ደህና ነው። ፒኤች ቀድሞ ይስተካከላል፤ ክሎሪን ከሰዓታት በኋላ፣ ፀሐይ ስለምታጠፋው በተለይ ማታ ይጨመራል። የገንዳው ወለል ጥርት ብሎ እስኪታይ ድረስ ልጆች አይግቡ፤ በደፈረሰ ውሃ ውስጥ የሰጠመ ሕፃን አይታይምና።

አሁን ዋናው ነገር። ፒኤች የሚቀንሰው መድኃኒት አሲድ ነው። አሲድና ክሎሪን ሲገናኙ መርዘኛ ጋዝ ይወጣል። ክሎሮክስና ፍላሽ መጸዳጃ ቤት ውስጥ ሲቀላቀሉ የሚያፍነው ይኸው ጋዝ ነው። በአንድ ባልዲ ወይም በአንድ መጥለቂያ አትጠቀሙባቸው፤ በአንድ ቁም ሣጥንም አታስቀምጧቸው። ክሎሪንም ቢሆን ዱቄቱና ክኒን መሰሉ ልዩ ልዩ ናቸው፤ ቢቀላቀሉ ሊፈነዱ ይችላሉ። ምን ጊዜም መድኃኒቱ ወደ ውሃ ይገባል እንጂ ውሃ በመድኃኒቱ ላይ አይፈስም። ጓንትና መነጽር ካልተሰጣችሁ፣ የዕቃውንም ጽሑፍ የሚያነብላችሁ ከሌለ «አልችልም፣ ባለሙያ ይጠራ» በሉ።

ጋዙ ከአየር ስለሚከብድ ወደ መሬት ይወርዳል። ሽታው ከመጣ ዕቃውን ለማንሳት አትጎንበሱ፤ ነፋሱ ወደሚመጣበት አቅጣጫ ውጡ። ዓይን ከነካ ቢያንስ ለ15 ደቂቃ በሚፈስ ውሃ ይታጠብ። የመተንፈስ ችግር ካለ የቀይ ጨረቃ አምቡላንስ ቁጥር 997 ነው።