«አልገባኝም» ማለትን ከጨዋታ መማር



በ2025 ጥቅምት ወር በአንድ ቅዳሜ ከሰንበት ትምህርት ቤታችን ሦስት ሆነን በባቡር ወደ ኤሰን ከተማ ሄደን ነበር። የሄድነውም እዚህ በምንኖርበት በጀርመን አገር በየዓመቱ የሚደረገውን የጠረጴዛ ጨዋታዎች ዐውደ ርእይ ለማየት ነው። ስንመለስ ብዙዎቻችሁ «ለጨዋታ ደግሞ ባቡር ይሳፈራሉ?» ብላችሁ ስቃችሁብናል። እናቴ በበኩልዋ ይዤው የመጣሁትን ሣጥን ከፍታ ዳይሱን ባየች ጊዜ «ልጄ፣ ቁማር ጀመርህ እንዴ?» ብላ ደነገጠች። ሁለቱም ጥያቄዎች መልስ ስለሚገባቸው በዚህ ጽሑፍ እንደ አቅሜ ለመመለስ እሞክራለሁ። ከዚያም አልፌ በአንድ ጠረጴዛ ላይ ስለ ራሴ ያወቅሁትን ነገር እነግራችኋለሁ። (በጽሑፉ ውስጥ ያሉት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።)

1ኛ. እነዚህ ጨዋታዎች ምንድን ናቸው?

የጠረጴዛ ጨዋታ ስንል ገበጣን፣ ዳማንና ሰንጠረዥን የመሳሰሉትን ሁሉ ይጨምራል። ዛሬ አዳዲስ የሚባሉት ግን የፈጠራቸው ሰው የታወቀ፣ ስሙም እንደ መጽሐፍ ደራሲ በሣጥኑ ላይ የሚታተም ናቸው። በጀርመን አገር በ1978 የጨዋታ ሐያስያን ተሰብስበው «የዓመቱ ጨዋታ» የተባለውን ሽልማት መሠረቱ። በ1979 የመጀመሪያውን ሽልማት ያገኘው እንግሊዛዊው ዴቪድ ፓርሌት የሠራው የጥንቸልና የኤሊ እሽቅድምድም ነው። ሽልማቱ ገንዘብ የለውም፤ ሆኖም ምልክቱ በሣጥኑ ላይ የታተመ እንደ ሆነ ጨዋታው ወደ ብዙ ቤተሰብ ይገባል።

ከእነዚህ ሁሉ ስሙ በጣም የታወቀው በ1995 የወጣው «ካታን» ነው። የፈጠረው ክላውስ ቶይበር የጥርስ ቴክኒሻን ነበር፤ በ2023 ዐርፏል። በዚህ ጨዋታ ተጫዋቾቹ በአንዲት ደሴት ላይ እንጨት፣ ጡብ፣ ሱፍ፣ ስንዴና ማዕድን እየሰበሰቡ መንገድና መንደር ይሠራሉ። የትኛው መሬት ምርት እንደሚሰጥ ሁለት ዳይስ ይወስናሉ። ለአንድ ሰው የሚያስፈልገው ሁሉ ከራሱ መሬት ስለማይገኝለት ከጎረቤቱ ጋር «ስንዴ ልስጥህ፣ ጡብ ስጠኝ» እየተባባለ መለዋወጥ የግድ ይሆንበታል። ደግሞም የተሸነፈ ሰው ከመካከል ተባርሮ ሌሎቹን ቁጭ ብሎ አይመለከትም፤ ሁሉም እስከ መጨረሻው ይጫወታል። እንግዲህ በስልክ ላይ ለብቻ ከሚደረገው ጨዋታ የሚለየው በዚህ ነው። ብቻውን የሮጠ የሚቀድመው የለም ይባላል፤ ነገር ግን የሚያነጋግረውም የለም።

2ኛ. ቁማር ነው ወይ?

የእናቴን ድንጋጤ በቀላሉ ልናየው አይገባም። በካርታና በዳይስ የተፈታ ቤት ያዩ ሰዎች ናቸው እንዲህ የሚጠይቁት። ይሁን እንጂ አንድን ጨዋታ ቁማር የሚያሰኘው ዳይሱ አይደለም፤ ገንዘብ ተይዞበት የአንዱ ኪሳራ ለሌላው ትርፍ መሆኑ ነው።

ይህንን ለእናቴ በቃል ከማስረዳት ይልቅ ያመጣሁትን ጨዋታ አቀረብሁላት። ስሙ «ስካይ ቲም» ይባላል፤ ፈረንሳዊው ሉክ ሬሞን የሠራው ሲሆን በ2024 «የዓመቱ ጨዋታ» ሆኖ ተመርጧል። የሚጫወቱት ሁለት ሰዎች ብቻ ናቸው፤ አንዱ አብራሪ፣ ሌላው ረዳት አብራሪ። ሁለቱ አንድ አውሮፕላን በደኅና ማሳረፍ አለባቸው። ዳይስ ከመጣሉ በፊት እንደ ልብ መመካከር ይቻላል፤ ከተጣለ በኋላ ግን ስለ ቁጥሮቹ አንድ ቃል መናገር ክልክል ነው። ሁለቱም አብረው ያሸንፋሉ፣ ወይም አብረው ይወድቃሉ። እኔ አብራሪ፣ እናቴ ረዳት ሆነን ሁለት ጊዜ ወደቅን። በሦስተኛው ዳይሱን ልጥል ስል እጄን ያዘችና «ቆይ፤ ቅድም ፍሬኑን ረስተኸዋል፤ መጀመሪያ ስለ ፍሬኑ እንነጋገር» አለችኝ። ያን ጊዜ አውሮፕላኑ ዐረፈ። ስለ ቁማርም ዳግመኛ አላነሣችም።

እውነቱን ለመናገር ግን በዐውደ ርእዮቹ ላይ ጥንቃቄ የሚያሻው ነገርም አለ። በውስጡ ምን እንዳለ ሳይታወቅ ታሽጎ የሚሸጥ የካርድ ፓኬት አለ፤ «የሚቀጥለው ጥሩው ይሆናል» እያሉ ደጋግሞ መግዛት ከዕጣ ብዙም አይርቅም። ኪሳችሁን ጠብቁ።

3ኛ. በዐውደ ርእዩ ውስጥ ያጋጠመኝ

የጨዋታ ወዳጆች መሰብሰብ የጀመሩት ዛሬ አይደለም። በአሜሪካ በ1968 ጋሪ ጋይጋክስ የተባለ ሰው ሌክ ጄኔቫ በምትባል ትንሽ ከተማ አዳራሽ በ50 ዶላር ተከራይቶ መቶ ያህል ሰዎችን ሰበሰበ። «ጄን ኮን» የሚባለው ይህ ጉባኤ አሁን በኢንዲያናፖሊስ ይደረጋል፤ በ2024 ከ70,000 በላይ ሰው ተገኝቶበታል። የኤሰኑ በ1983 ተጀምሮ በ2024 ከ200,000 በላይ ጎብኚዎች ገብተውበታል። የሚደረገው ከሐሙስ እስከ እሑድ ነው። እኛ እሑድ የራሳችን ጉባኤ ስላለን ቅዳሜን መረጥን፤ ትኬቱንም አስቀድመን ገዛን።

አዳራሾቹ በጠረጴዛ የተሞሉ ናቸው። ባዶ ወንበር ጠብቃችሁ ከማታውቁት ሰው ጋር ትቀመጣላችሁ፤ አንድ አስረጂ መጥቶ ሕጉን ይነግራችኋል፤ ተጫውታችሁ ስትጨርሱ ለሚቀጥሉት ትለቃላችሁ። የሁሉም ቋንቋ አንድ አይደለም፤ ዕድሜውም እንዲሁ።

እኔና አንዱ ጓደኛችን ግማሽ ሰዓት ያህል ተራ ጠብቀን ከአንድ ጀርመናዊ አባትና ዐሥር ዓመት ከሚሆናት ልጁ ጋር ተቀመጥን። አስረጂዋ በፍጥነት ትናገር ነበር። ልጅቱ ሁለት ጊዜ አቋርጣ ጠየቀች። እኔም በልቤ «ምን ያህል ትጠይቃለች!» አልሁ። አስረጂዋ «ሁሉም ግልጽ ነው?» ስትል ከሁሉ ቀድሜ «አዎን» አልሁ። እውነቱ ግን ስለ ካርዶቹ የተናገረችው ግማሹ አልፎኝ ነበር፤ ይሉኝታ ይዞኝ ነው።

በአራተኛው ዙር ቤት ለመሥራት ሰባት ካርድ ከእጄ አወጣሁ። ልጅቱ ቆጠረችና «ሰባት!» አለች። ለካስ ተራ ሲያልቅ በእጅ ከአምስት ካርድ በላይ መያዝ አይፈቀድም ኖሯል። እኔ ከመጀመሪያው ዙር ጀምሮ ስሰበስብ ነበር፤ ካርዶቹ በእጄ የተሸፈኑ ስለሆኑ ማንም አላየም። ነጥቡ ሁሉ ተበላሸ። አባትየው «ከመጀመሪያው እንጀምር» አለ፤ ነገር ግን ከኋላችን ሌሎች ስለሚጠብቁ መነሣት ነበረብን። ማንም አልተቆጣኝም። ልጅቱ ግን ቦርሳዋን አንሥታ ስትሄድ ወደ ጠረጴዛው ዞር ብላ አየች። አንዲት ደቂቃ የማይፈጅ ጥያቄ ባለመጠየቄ የሦስት ሰዎችን ጨዋታ ወሰድሁባቸው።

በባቡር ስመለስ የቆየ ነገር ትዝ አለኝ። ይህን እስካሁን ለማንም አልተናገርሁም። በዩኒቨርሲቲ የመጀመሪያ ዓመቴ በሒሳብ መልመጃ ክፍል አስተማሪው «ግልጽ ነው?» ባለ ቁጥር እንዲሁ ራሴን እነቀንቅ ነበር። «ይህ ሐበሻ ቋንቋው አይገባውም» እንዳይሉኝ ነው። በመጨረሻም ፈተናውን ወደቅሁ፤ ለቤተሰቤ «አለፍሁ» ብዬ በሚቀጥለው ወቅት በድብቅ ደግሜ ተፈተንሁ። ሁለተኛውን ጊዜ ያለፍሁት በመልመጃ ክፍሉ ጥያቄ መጠየቅ ስለጀመርሁ ነው። በጨዋታ ጠረጴዛ ላይ ግን የድሮው ልማዴ ተመልሶ ያዘኝ። ይህ ጽሑፍ ከመባዛቱ በፊት ሁሉንም ለእናቴ ነግሬአታለሁ።

4ኛ. ከአባቶች የተማርነው

ከዚያ ወዲህ ባለው እሑድ ከቅዳሴ በኋላ ገበጣ እንዲያስተምሩን ሁለት አባቶችን ለመንን። አንደኛው ከጎጃም፣ ሁለተኛው ከወሎ ናቸው። ጠጠሩ ገና ሳይታደል «በእናንተ አገር ስንት ጉድጓድ ነው? የሚበላውስ መቼ ነው?» ተባባሉ። ነገሩ የሚያስገርም አይደለም፤ ሪቻርድ ፓንክረስት በ1971 ባሳተሙት ጥናት በኢትዮጵያና በአፍሪካ ቀንድ ያሉትን ብዙ የገበጣ ዓይነቶች ዘርዝረዋል። ሰንጠረዥም ቢሆን በጥንቱ ያገራችን ሕግ የመጀመሪያው ጠጠር እስኪበላ ድረስ ሁለቱም ያለ ተራ በፍጥነት ያንቀሳቅሱ ነበር፤ ይህም «ወረራ» ይባላል። የዛሬውን ቼዝ ብቻ የሚያውቅ ሰው ሳይጠይቅ ቢቀመጥ ምን እንደሚደርስበት አስቡት። ሁለቱ አባቶች ከልጅነታቸው ጀምሮ ገበጣ የሚያውቁ ሲሆኑ መጠየቅ አላሳፈራቸውም።

5ኛ. በሥራ ላይ የምናውለው

ሀ. ጨዋታ የሚያስተምር ሰው በመጀመሪያ አሸናፊነት በምን እንደሚገኝ፣ ቀጥሎ በአንድ ተራ ምን እንደሚደረግ ይናገር፤ ዝርዝሩን ሲደርስ ያንሣ። «ገባችሁ?» ብሎ ከመጠየቅ አንድ ተራ አሠርቶ ቢያይ ይሻላል። «ገባችሁ?» ለሚለው ሁላችንም «አዎን» ማለት እናውቅበታለን።

ለ. የሚማር ሰው ያልገባውን ከመጀመሪያው ተራ በፊት ይጠይቅ። ጨዋታው ከተጀመረ በኋላ ስሕተቱን ቢያውቅ፣ ቢጠቅመው እንኳ ወዲያው ይናገር።

ሐ. እናቶችና አባቶች እንዲቀላቀሉን የሚነበብ ጽሑፍ የሌለባቸውን እንምረጥ። ለምሳሌ በ2018 የተሸለመው የሚካኤል ኪስሊንግ «አዙል» ባለ ቀለም ጡቦችን በሰሌዳ ላይ መደርደር ስለሆነ ካርድ ማንበብ አያስፈልገውም።

መ. ሳትጫወቱ አትግዙ። እዚህ አገር ብዙ የሕዝብ ቤተ መጻሕፍት ጨዋታዎችን እንደ መጽሐፍ ያውሳሉ፤ ከዚያ ወስዶ መሞከር ይቻላል።

በሚቀጥለው እሑድ ከትምህርት በኋላ በአዳራሹ አንድ ሰዓት ያህል «ካታን»ን አስተምራለሁ። ስድስት ካርድ በእጁ የያዘ ቢኖር አልቆጣም፤ ያ ሕግ በዚህ ጨዋታ ውስጥ የለም።

ለመወያያ የሚሆኑ ጥያቄዎች

1. ሳይገባችሁ «ገባኝ» ያላችሁበት ጊዜ አለ? ጉዳቱ ለማን ተረፈ?
2. ጨዋታን ከቁማር የሚለየው ምንድን ነው? ለወላጆቻችሁ እንዴት ታስረዳላችሁ?
3. በየቤታችሁ ካሉት አባቶችና እናቶች ገበጣ የሚያውቅ ማን ነው? በስንት ጉድጓድ ይጫወታሉ? ጠይቃችሁ ኑ።