ሕፃን ሲቃጠል፦ የመጀመሪያዎቹ 20 ደቂቃዎች

በለገሃር አካባቢ ባሉ ጠባብ ቤቶች የከሰል ምድጃና ጀበና ከወለል ብዙ ከፍ ስለማይሉ ዳዴ የሚል ሕፃን በቀላሉ ይደርስባቸዋል። የፈላ ነገር ሲፈስበት ሙቀቱ ወደ ውስጥ ዘልቆ ማቃጠሉን ይቀጥላል፤ ስለዚህ ከሁሉ አስቀድሞ ቁስሉን ማቀዝቀዝ ይገባል።

አንደኛ፦ በቆዳው ላይ ያልተጣበቀውን ልብስ ማውለቅ።

ሁለተኛ፦ ንጹሕ ቀዝቃዛ ውኃ ለ20 ደቂቃ ማፍሰስ፤ ቧንቧው ቢቋረጥ ከጀሪካን በኩባያ እየቀዱ። በረዶ ግን አይደረግም። የቀረው የሕፃኑ አካል እንዳይበርደው ይሸፈን።

ሦስተኛ፦ ውኃ የቋጠረውን ሳያፈርጡ፣ በንጹሕ ጨርቅ ሳያጠብቁ ሸፍኖ ወደ ጤና ጣቢያ ማድረስ።

ቅቤ፣ ሊጥና የጥርስ ሳሙና ሙቀቱን አፍነው ይይዛሉ፤ ቁስሉም እንዲያመረቅዝ ያደርጋሉ።

በ1927 ዓ.ም. የተመሠረተው የኢትዮጵያ ቀይ መስቀል ማኅበር የመጀመሪያ እርዳታ ሥልጠና ይሰጣል፤ አምቡላንሱም በስልክ ቁጥር 907 ይጠራል።

ነገር ግን ወላጅ ብቻ ቢማር አይበቃም። ቀኑን ሙሉ ከልጁ ጋር የምትውለው ብዙ ጊዜ አያት ወይም ሞግዚት ናት። ለእርሷም አሳይታችሁ አስደግሟት፤ ቁጣን ፈርታ ጉዳቱን እንዳትሰውርም ከወዲሁ አረጋግጡላት። በመደበቅ የሚያልፈው ጊዜ ሕፃኑን የሚጎዳ ጊዜ ነውና።